የእቁብ ዕጣ እየጎደለ ሲሄድ ዕድልን ማስላት

ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ 10 ዕጣ የወር እቁብ አለ እንበል። በየወሩ አንድ ወረቀት ይወጣል፤ የወጣው ወደ ቆርቆሮው አይመለስም። በፕሮባብሊቲ ትምህርት «ሳይመልሱ ማውጣት» የሚባለው ይኸው ነው።

ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይቁጠሩ፦ ቆርቆሮው ውስጥ የቀሩትን ወረቀቶች፣ ከእነሱም የእርስዎን። የእርስዎን ለጠቅላላው ያካፍሉ። አንድ ዕጣ ካለዎት የመጀመሪያው ወር 1/10 ነው። ካልወጣልዎት ሁለተኛው 1/9፣ አሁንም ካልወጣ ሦስተኛው 1/8 ይሆናል።

ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። 1/8 የሚሠራው «እስካሁን ካልወጣልኝ» ለሚል ሰው ብቻ ነው። እቁቡ ሳይጀመር «ሦስተኛው ወር ላይ ይደርሰኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን ሁለቱን ወራት ሳይወጣለት ማለፉም መቆጠር አለበት፦ 9/10 × 8/9 × 1/8 = 1/10። ለአሥረኛውም ወር ያው 1/10 ነው። (ብሩ ዋጋ ሳያጣ ቀድሞ ማግኘቱ እንደሚሻል የታወቀ ነው፤ እሱ ግን ሌላ ሒሳብ ነው።)

ሁለት ዕጣ የሚጥል ሰው በሦስት ወር ውስጥ ቢያንስ አንዱ የሚወጣለት በስንት ዕድል ነው? ብዙ ሰው 2/10ን ሦስት ጊዜ ደምሮ 60 በመቶ ይላል። ስህተቱ ሁለቱም ዕጣዎች የወጡባቸውን አጋጣሚዎች ደግሞ መቁጠሩ ነው። የሚቀለው አንዱም የማይወጣበትን ማስላት ነው፦ 8/10 × 7/9 × 6/8 = 7/15። ከ1 ሲቀነስ 8/15፣ ማለትም 53 በመቶ ገደማ።

ወደ ኋላ የሚሄደው ጥያቄ ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። ይኸው ሰው የመጀመሪያውን ወር ውጤት ሳይሰማ በሁለተኛው ወር የእሱ ዕጣ እንደወጣ ተነገረው። የመጀመሪያውም የእሱ የመሆኑ ዕድል 2/10 አይደለም፣ 1/9 ነው። አንዱ ወረቀቱ በሁለተኛው ወር መውጣቱ ስለታወቀ ለመጀመሪያው ወር የሚታሰቡት የቀሩት 9 ናቸው፤ ከእነሱ የእሱ አንድ ብቻ ነው። ጊዜው ቢቀድምም ወሬው ቆጠራውን ይለውጣል።

ስሌቱ የሚሠራው ወረቀቶቹ እኩል ተቆርጠው፣ እኩል ታጥፈው፣ በደንብ ከተናወጡ ነው። ግማሽ ግማሽ የሚጥሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ለየብቻ ከተጻፉ ወረቀቱ 11 ይሆንና የእነሱ ዕድል ከ1/10 ወደ 2/11 ይዘላል፤ ዳኛው ከማውጣቱ በፊት ይቁጠር።

ለመሞከር 10 የለስላሳ ቆርኪ ይሰብስቡ፣ ሁለቱን ከውስጥ በኩል በማርከር ያቅልሙ። ባቄላና ሽምብራ አይቀላቅሉ፤ ጣት ይለያቸዋል። ሳያዩ ሦስት አውጥተው ቀለም ያለው መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ፣ ሁሉንም መልሰው እንደገና ይጀምሩ። ከ60 ሙከራ 32 አካባቢ ይጠብቁ፤ 28 ወይም 36 ቢመጣ ያለ ነው። 45 ከሆነ ግን ቆርኪዎቹን ይመልከቱ፤ ከተቀለሙት አንዱ ሲከፈት የተጣመመ ሊሆን ይችላል።