ግሌዙ ከስኒው ላይ ለምን ሸሸ?

ደሴ ቤቴ ባለችኝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ የቡና ስኒ እሠራለሁ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ፣ በብሩሽ የቀባሁት ግሌዝ (ሲተኮስ ቀልጦ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ቅብ) ከጆሮው ሥር ሸሽቶ ቀዩን ሸክላ ራቁቱን ተወው፤ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ እንደ ጤዛ ተድበልብሎ ደረቀ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ምድጃዋን ነበር። ሙቀቱን ለማየት ውስጧ የማስቀምጠው ኮን (ሲሞቅ የሚጎብጥ ትንሽ ሾጣጣ) ግን በትክክል፣ 1000 ዲግሪ አካባቢ ጎንበስ ብሏል። ምድጃዋን በከንቱ ነው ያማኋት።

ጥፋቱ ከቅቡ በፊት ነው። ግሌዝ ከመቀባቴ በፊት መጀመሪያ በ1060 ዲግሪ የተኮስኳቸው ስኒዎች መደርደሪያ ላይ ሰንብተው አቧራ ለብሰዋል። አክስቴም ፀጉሯን ቅቤ በቀባችበት እጅ «እቺማ ታምራለች» እያለች ስታገላብጣቸው ነበር። ቅባት የነካው ሸክላ ግሌዝ አይዝም። ከዚያ ላይ የደሴ የክረምት ጉም አለ፤ የብሩሽ ግሌዝ ሙጫ ስላለበት ቶሎ አይደርቅም፣ እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደረብኩበት።

አሁን እንዲህ አደረግሁ። ስኒዎቹን በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጌ አሳደርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ የያዝኳቸው በታጠበ እጅ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ቀባሁ፦ አንዱን አግድም፣ ቀጣዩን ቁልቁል፣ ሦስተኛውን እንደገና አግድም። በየመሃሉ የእርጥበቱ ወዝ ጠፍቶ እንደ ዱቄት እስኪደበዝዝ፣ በጣት ጀርባም ሲነካ እስከማይቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ጆሮው ሥር ግሌዝ እንዳይጠራቀም በብሩሹ ጫፍ መጠጥኩት። ምድጃዋንም እስከ 100 ዲግሪ ድረስ ክዳኗን ገርበብ አድርጌ በዝግታ አሞቅኋት።

ከ12ቱ 11ዱ እንደ መስተዋት ወጡ። አንዱ የምድጃዋ መደርደሪያ ላይ ተጣበቀ፤ ከመቀመጫው ላይ ግሌዙን መጥረግ ረስቼ ነው።