የተለበለበ የጃፓን ጣውላ በአትክልት ስፍራ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በምዕራብ ጃፓን፣ በኦካያማ ግዛትና በካጋዋ ግዛት ባለችው የናኦሺማ ደሴት፣ የቤት ግድግዳ ፊቱ እስኪከስል በተለበለበ የሱጊ ጣውላ ይለበጣል፤ ስሙም ያኪሱጊ ነው። ሱጊ ከእኛው ጽድ ጋር ከአንድ የዛፍ ቤተሰብ ይመደባል። በባህላዊው አሠራር ሦስት ጣውላዎች እንደ ጭስ ማውጫ በሦስት ማዕዘን ይታሰሩና ከግርጌያቸው እሳት ይለኮሳል፤ ነበልባሉ በውስጥ በኩል ሽቅብ እየተሳበ ፊታቸውን በጥቂት ደቂቃ ካከሰለ በኋላ ተፈትተው ውኃ ይደፋባቸዋል። ይህ ጣውላ ወደ አትክልት ስፍራ ሲመጣ የሚደርስበት ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከከሰሉ ሳይሆን ከአተካከሉ ነው።

ቋሚው ይወዛወዛል

ከሁሉ የከፋው ብልሽት ከላይ አይታይም። አጥሩ ጥቁርና ያማረ ሆኖ ሳለ ቋሚው ሲገፉት ከተነቃነቀ፣ በዙሪያው ያለውን አፈር ጫር አድርገው ግርጌውን በካቻቪቴ ይውጉት። ብረቱ ያለ ችግር ከገባ ከከሰሉ ሥር ያለው እንጨት በስብሷል። ከሰል ራሱ አይበሰብስም፤ ነገር ግን እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ በመሆኑ የአፈሩ እርጥበት በስንጥቁ ዘልቆ ያልከሰለውን እንጨት ያገኘዋል፣ ከልብለባ በኋላ የተቆረጠ ጫፍ ደግሞ ጭራሽ መከላከያ የለውም። በዚህ ደረጃ ዘይትም ሆነ ቀለም አያድነውም። ቋሚውን እስከ ጤናማው እንጨት ቆርጦ፣ አዲሱን ጫፍ ለብልቦና ዘይት አጠጥቶ፣ በኮንክሪት ላይ በተተከለ የብረት ጫማ ከአፈሩ ከፍ አድርጎ ማቆም ይገባል። የአጥሩ ጣውላዎችም የዝናብ ፍንጣሪ እንዳይደርስባቸው ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ፣ ከሥራቸውም ጠጠር ይነጠፍ።

ልብስና እጅ ያጠቁራል

በነጭ ጨርቅ ሲያብሱት ጥላሸት የሚለቅ ጣውላ ያልተቦረሸ ነው። ሰው በማይነካው ግድግዳ ላይ ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ወፍራሙ ከሰል ረጅም ዕድሜ የሚሰጠው እሱ ነውና በከንቱ ባይነካ እመርጣለሁ። ለወንበር፣ ለበርና ለጠባብ መተላለፊያ ግን በጠንካራ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መፈተግ፣ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅና የተልባ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ቫርኒሽ አይቀቡት፤ በልል ከሰል ላይ ስለሚያርፍ ከከሰሉ ጋር አብሮ ይላጣል።

ይረግፋል ወይም ቶሎ ይገረጣል

ከሰሉ በሰፋፊ ቅርፊት የሚረግፈው እንጨቱ ሳይደርቅ ሲለበለብ ወይም እሳቱ ከመጠን በላይ ሲቆይበት ነው፤ የላላውን ጠርጎ ዘይት ማጠጣት ይበቃዋል። በተቃራኒው ቶሎ ወደ ግራጫ የሚለወጥ ጣውላ በጋዝ ነበልባል ላይ ላዩን ብቻ የጠቆረ ነው። መድኃኒቱ ነቅሎ ከቤትና ከአጥር ርቆ መልሶ መለብለብ ነው። ጣውላው በአርሴኒክ የታከመ ከሆነ ግን ጭሱ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ እሳት አይንካው።

ይቆለመማል

አንድ ፊቱ ብቻ በእሳት የደረቀ ስስ ጣውላ፣ በተለይ ከኋላው አየር ካጣ፣ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይመረጥ፤ ከግድግዳው በማገር ይራቅና በጣውላና በጣውላ መካከል ክፍተት ይተው። ከምስማሩ ሥር ቡናማ ዝገት ከወረደ ምስማሩን በአይዝጌ ብረት መለወጥ ነው።

ፀሐይ ፊት ለፊት በሚመታው ጥቁር አጥር ሥር የተተከለ ለስላሳ ቅጠል ጠርዙ ከተቃጠለ፣ ጥቁሩ ፊት ሙቀት ስለሚያጠራቅም ነው፤ ተክሉን አንድ ክንድ ያህል ማራቅ ይበቃል።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከቀረ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሥራው እንዳበቃ ጨርቁን ውጪ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ በሞላው የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግዴታ ነው።