ያላያችሁትን አትፈርሙ፦ የአእምሮ ሕክምና ዋርድ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ነርሶችን የምታግዝና ታካሚዎችን የምትከታተል ድጋፍ ሰጪ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ኮሪደሩ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የክትትል ቅጽ ትሞላለች። ጠጋ ብዬ ሳየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ሁሉ ተሞልቶ ተፈርሟል። «ሁሉም ተኝተዋል እኮ» አለችኝ። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ታካሚዎቹ ይወዷታል፣ ሲያወሯት ከልቧ ታዳምጣለች። ግን ይህን ስህተት ከስንቱ ጎበዝ ሰው እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ስለዚህ ልጻፈው።

ክትትል የሚታዘዘው ቅጽ እንዲሞላ አይደለም። አንድ ሰው በየ15 ደቂቃው ይታይ ከተባለ፣ ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ተፈርቷል ማለት ነው። አየር ያጣ አንጎል መጎዳት የሚጀምረው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ 15 ደቂቃ ራሱ ረጅም ነው። አንድ ዙር ዘለላችሁ ማለት ያ ሰው ግማሽ ሰዓት ብቻውን ቆየ ማለት ነው። ደግሞም ታካሚዎች ሰዓታችሁን ያውቁታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የጫማችሁን ድምፅ ይቆጥራል። ሁልጊዜ ልክ በ15ኛው ደቂቃ ብቅ የምትሉ ከሆነ በመሃል ያለው ጊዜ የራሱ እንደሆነ ያውቃል። አንዴ በ9፣ አንዴ በ13 ደቂቃ ሂዱ፤ ከ15 ግን አትለፉ።

ማየት ስል ደግሞ ከበር ላይ ሆኖ ብርድ ልብስ ማየት ማለቴ አይደለም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እስክታዩ ቁሙ። ፊቱ ተሸፍኖ ከሆነ ገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙን ጥሩ። ባትሪውን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አብሩ። ነቅቶ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ጠዋት ይቅርታ ትጠይቁታላችሁ።

ይህን የምለው ስልጠና ላይ ሰምቼው አይደለም። በሁለተኛ ዓመቴ እኔም ከበር ላይ አየት አድርጌ «ተኝቷል» ብዬ ፈርሜያለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የዞረው ባልደረባዬ ብርድ ልብሱን ገለጥ ሲያደርግ ያገኘው ሁለት ትራስ ነው። ሰውየውን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አገኘነው። ተረፈ። የተረፈው ባልደረባዬ ያን ቀን ከሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ቀድሞ ስለዞረ ነው። በእኔ እጅ የተጻፈው «ተኝቷል» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። ዙር ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ ዋርዱ ሲረበሽ ያመልጣል። ሲያመልጣችሁ ለነርሷ «አመለጠኝ» በሉና ያንኑ ጻፉ። ባዶ የቀረ መስመር ቀጣዩን ሰው ያስቸኩለዋል፣ የውሸት ፊርማ ግን ያዘናጋዋል።

አንድ ታካሚ ብቻ እንድትከታተሉ ስትመደቡም ስልካችሁን አውጥታችሁ አትቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠብቀው እየዋለ ማንም የማያየው ታካሚ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ከታካሚ እምነት ጋር ሙግት መግጠም ሌላው ነው። አንድ ሰው ምግቡ ውስጥ መርዝ አለ ብሎ ሳይበላ ዋለ። አንድ አዲስ ልጅ በቅንነት ከሳህኑ ጎርሶ አሳየው፤ «ይኸው በላሁት፣ ምን ሆንኩ?» አለው። ታካሚው ትንሽ አሰበና «አንተማ ማርከሻውን ወስደሃል» አለ። ከዚያ በኋላ ያን ልጅ አጠገቡ አላስደርስ አለው። እንዲህ ያለ እምነት በማስረጃ አይፈርስም፤ ማስረጃውን ራሱን ውጦ ያድጋል። እሺ ብሎ አብሮ ማመንም ያው ጉዳት ነው፣ ፍርሃቱን ታጸኑበታላችሁ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እኔ መርዝ አለበት ብዬ አላምንም። ግን አንተ እንዲህ እየተሰማህ መብላት እንደሚከብድህ ይገባኛል።» ከዚያ በራሱ እጅ የሚከፍተው የታሸገ ነገር አቀርብለታለሁ። ብዙ ጊዜ ይበላል። ካልበላና በተለይ ካልጠጣ ለነርስ ወዲያው ንገሩ። ሊቲየም የሚባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውሃ ሲያጣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። እጁ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ማስቀመጥ፣ እንደሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ ለሺፍት ርክክብ የሚቆይ ወሬ አይደለም፤ ሮጣችሁ የምትናገሩት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሁሉን ነገር በአእምሮ ሕመሙ ማሳበብ ሰው ይገድላል። ሆዴ ደረቀ ያለ ታካሚ ክሎዛፒን የሚባለውን የከባድ አእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የሆድ ድርቀቱ አንጀት እስከ መዝጋት ሊደርስና ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ መቼ እንደተጸዳዳ መጠየቅ አትፈሩ። ያው ታካሚ ጉሮሮዬን አመመኝ፣ ትኩሳት አለኝ ካለ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሎቹን አውርዷቸው ይሆናልና ደሙ በቶሎ መታየት አለበት። ሃሎፔሪዶል የሚባለው ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከተሰጠው በኋላ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ወጣት አይቻለሁ፤ አጠገቡ የነበረው ሠራተኛ «እያስመሰለ ነው» ይል ነበር። ልጁ አላስመሰለም፣ ጡንቻዎቹ በመድኃኒቱ ተጨብጠው ነው። የሚያፈርሰው መርፌ ተሰጠውና ወዲያው ተፈታ። ሌላዋ ደግሞ ቁጭ ማለት አቅቷት ኮሪደሩን ስትመላለስ «ተረብሻለች» ተብሎ የዚያው መድኃኒት መጠን ሊጨመርላት ነበር። እግሯን የሚያሯሩጣት መድኃኒቱ ራሱ እንደሆነ የታወቀው አንዲት ድጋፍ ሰጪ «ቁጭ ስትል ሁለቱን እግሮቿን እያፈራረቀች ትረግጣለች፤ ከውስጥ የሚያሳክክ ነገር አለብኝ ትላለች» ብላ በርክክብ ላይ ስለተናገረች ነው። ምርመራ የእኛ ሥራ አይደለም። ያየነውን መናገር ግን የማንም ሳይሆን የእኛ ነው።

«እኔ ድጋፍ ሰጪ ብቻ ነኝ» ብሎ ዝም ማለትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ፓሪስ ውስጥ ቢሴትር በሚባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በ1797 ሰንሰለቱን ያስፈታው ዣን ባቲስት ፑሳን ሐኪም አልነበረም። በአንገት እጢ በሽታ ታሞ እዚያው ሆስፒታል ከታከመ በኋላ ሠራተኛ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ ዝናውን የወሰደው ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል ነው፤ ፒኔል ራሱ ግን ከፑሳን ብዙ እንደተማረ ጽፏል። ሐኪሙ ታካሚውን የሚያየው ለደቂቃዎች ነው፣ እናንተ አሥራ ሁለት ሰዓት አብራችሁት ትውላላችሁ።

ስለ ሞት መጠየቅ ብዙዎቻችሁን ያስፈራችኋል፤ ሐሳቡን የምታስገቡበት ይመስላችኋል። አታስገቡበትም። «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ እፎይ ይላል። «ለማንም አትንገሪ» ሲላችሁ ደግሞ ቃል አትግቡ። ቀድማችሁ «አንተን ከአደጋ የሚጠብቅ ነገር ከሆነ ለነርሷ እናገራለሁ» በሉት። ሳምንታት በጭንቀት ቆይቶ አንድ ጠዋት ድንገት የተረጋጋ፣ ዕቃውን ማደል የጀመረ ሰው ካያችሁ ደስ ከማለታችሁ በፊት ተናገሩ። ውሳኔ ላይ ደርሶም ይሆናል። የድብርት መድኃኒት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትም አትዘናጉ፤ ስሜቱ ሳይሻሻል ጉልበቱ ቀድሞ ሊመለስ ይችላል።

ሪፖርት ላይ «ጠበኛ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ። «ከእናቱ ጋር በስልክ አውርቶ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ወረወረ፣ ሰው አልነካም፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ውሃ ጠየቀ» በሉ። የመጀመሪያው ስም ያወጣለታል፣ ሁለተኛው ምን እንዳስቆጣው ያሳያል።

የተሳሉ ነገሮችን ሳትቆጥሩ ሺፍት አታስረክቡ፤ ቁልፍ ለደቂቃም ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

ሰውን በጉልበት መያዝ የመጨረሻው አማራጭ ነው፣ የሚያዘውም በሠለጠነ ቡድን ብቻ። በደረቱ አስተኝታችሁ ጀርባው ላይ አትጫኑ፤ ሰው እንዲህ ሆኖ ታፍኖ ሞቷል። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ትንፋሹንና የፊቱን ቀለም ብቻ ይከታተል፣ የሚያወራውም አንድ ብቻ ይሁን። «መተንፈስ አቃተኝ» ካለ «ብታፈን አታወራም ነበር» እንዳትሉት። እያወሩ የሚታፈኑ አሉ። ልቀቁት።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ከሁሉ በላይ የተለመደ ነው፤ ሁሉም ጃኬቱን ለብሶ ይሄዳል። ታካሚዋ ክፍሏ ትቀራለች፣ በማግስቱ ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ይገባል። እኔ አሁን በማግስቱ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሷ ነው። መጀመሪያ እንዲህ ያደረግኩ ቀን ምን እንደምላት ጨንቆኝ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እሷ ቀደመችኝ፦ «ትናንት ጭንቅላቴን የያዝሽው አንቺ ነሽ አይደል? እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።» አዎ አልኳት። አልጋው ላይ ገለል ብላ ቦታ ሰጠችኝ።