የመጀመሪያዋ ክሬዲት ካርድ፦ አሜሪካ ለገባ አዲስ ሰው

አገር ቤት ብድር ስትጠይቁ የምትሰሙት የመጀመሪያ ጥያቄ «ዋስ አለህ?» የሚል ነው። አሜሪካ ደግሞ ዋሳችሁ የክፍያ ታሪካችሁ ነው። መርካቶ ውስጥ ሃያ ዓመት ነግዳችሁ፣ የእቁብ ዕጣ አንድ ቀን ሳታጓድሉ ጥላችሁ ይሆናል። እዚህ ግን ያንን የሚያውቅላችሁ የለም። ቤት ልትከራዩ ወይም መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ስማችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና ምንም አይወጣም። ምንም አለመውጣቱ መጥፎ ስም አይደለም፤ ግን የቤቱን ዲፖዚትም የመኪናውን ወለድም ያስወድድባችኋል።

ታሪኩን የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፤ ኤክስፔሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን። ከእነሱ መዝገብ ተነስቶ የሚሰጣችሁ ዋናው የክሬዲት ነጥብ፣ ማለትም የከፋይነታችሁ ውጤት፣ ፋይኮ ይባላል፤ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ነጥቡ እንዲወጣላችሁ ቢያንስ አንድ 6 ወር የሞላው አካውንት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ትንሽ ልረጋጋና እጀምራለሁ» አትበሉ። ሶሻል ቁጥራችሁ (መንግሥት የሚሰጣችሁ መለያ ቁጥር) እንደመጣ፣ በብድር ገዝታችሁ በየወሩ በምትከፍሉበት ካርድ፣ በክሬዲት ካርድ ጀምሩ። ዴቢት ካርድ ደግሞ የራሳችሁን ገንዘብ ማውጫ ስለሆነ አሥር ዓመት ብትጠቀሙበትም ክሬዲት አይሠራላችሁም።

ለአዲስ ሰው ቀላሉ በር ሴኪዩርድ ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ 200 ዶላር መያዣ ታስቀምጣላችሁ፣ እስከ 200 ዶላር የምትገዙበት ካርድ ይሰጣችኋል። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው፣ ለሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርት የሚያደርግ መሆኑን ጠይቁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ካርዷን እንዳወጣሁ በ18 ዶላር ካልሲና ጓንት ገዛሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ዝም አልኩ። «200 ዶላሬ እነሱ ጋ አይደል? ከዚያ ላይ ይቀንሱ» ብዬ። አይቀንሱም! መያዣው ጨርሶ ካልከፈላችሁ ብቻ የሚነካ ነው፤ የወሩን ሂሳብ በየወሩ ለብቻው መክፈል አለባችሁ። እኔ ይህን ስረዳ 30 ቀን አልፎ ነበር። 30 ቀን ያለፈ ክፍያ ደግሞ ሪፖርት ይደረጋል፤ መዝገብ ላይ የሚቆየውም 7 ዓመት ነው። ለካልሲና ጓንት!

ከነጥቡ 35 በመቶው በሰዓቱ በመክፈል ላይ የተመሠረተ ነው። ኦቶ ፔይ (ሂሳቡን በየወሩ በራሱ የሚከፍል አሠራር) ሙሉ፤ ሚኒመሙን፣ ማለትም ባንኩ ቢያንስ ክፈሉ የሚላችሁን ትንሽ ገንዘብ፣ ሳይሆን ሙሉ ሂሳቡን እንዲከፍል አድርጉ። «ዕዳ ይዞ መቆየት ክሬዲት ይሠራል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ውሸት ነው። ሙሉውን በሰዓቱ ከከፈላችሁ በገዛችሁት ዕቃ ላይ አንድ ሳንቲም ወለድ የለም። ሚኒመም እየከፈሉ መቆየት ግን በብዙ ካርድ ላይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ማለት ነው።

ሌላው 30 በመቶ ያህሉ በዕዳችሁ መጠን ላይ ነው፤ እዚህ ውስጥ ከሊሚታችሁ፣ ማለትም ካርዱ ከሚፈቅድላችሁ ጣሪያ፣ ስንቱን እንደተጠቀማችሁ ትልቅ ቦታ አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ቀኖቹ ሁለት ስለሆኑ። አንዱ የወሩ ሂሳብ ተደምሮ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ሌላው የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ነው፣ ከመጀመሪያው ቢያንስ 3 ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል። ለክሬዲት ድርጅቶቹ ብዙ ጊዜ የሚላከው ሂሳቡ በተዘጋበት ቀን ያለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ሊሚታችሁ 200 ነው፤ ጤፍ፣ ዘይትና ቡና ስትሉ 170 ደርሳችኋል። ያ ቁጥር እንዳለ ከተላከ በሰዓቱ ብትከፍሉም እንኳ ካርዱን ያሟጠጠ ሰው ትመስላላችሁ። ሂሳቡ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ 155ቱን ክፈሉ። የሚታየው 15 ብቻ ይሆናል። እሱን ኦቶ ፔይ ይጨርሰዋል።

በዓል ሲደርስ ደግሞ በዚህች ካርድ አገር ቤት ብር መላክ ያምራል። አታድርጉት። ብዙ ባንኮች ያንን ከማሽን ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ይቆጥሩታል። የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። በዴቢት ላኩ።

ዘመድ አሮጌ ካርዱ ላይ ስማችሁን ቢያስገባላችሁ ጥሩ መንገድ ነው፤ እሱ ሲያዘገይ ግን የእናንተም መዝገብ ሊቆሽሽ ይችላል። ኮሳይን፣ ማለትም ለሌላ ሰው ብድር አብሮ መፈረም፣ ግን ሌላ ነገር ነው። «ፊርማ ብቻ ነው» ይሏችኋል። ሰውዬው ካልከፈለ ሙሉ ዕዳው የእናንተ ነው። ይሉኝታ ይዟችሁ አትፈርሙ።

የስማችን ጉዳይም አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል የአንድ ሰው ስም ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ አንዴ የአባት ስም፣ አንዴ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ባንክ ላይም፣ ኪራይ ውል ላይም፣ ካርዱ ላይም ሶሻል ካርዳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። አለበለዚያ ታሪካችሁ ሁለት ቦታ ሊከፈል ይችላል። አንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ላይ የሦስቱንም ድርጅቶች መዝገብ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። ስማችሁና አድራሻችሁ ከተሳሳተ እዚያው ድርጅቱ ዘንድ እንዲታረም ትጠይቃላችሁ፤ ይህም ነፃ ነው። «ክሬዲትህን አጸዳለሁ» ብሎ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ሕግ እየጣሰ ነው።