የተተከለ ኩላሊት አልትራሳውንድ ስታስነሱ

ከጎንደር አዲስ አበባ ሄዶ ኩላሊት አስተክሎ የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ካለ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ታናሽ ወንድሜን ከአዘዞ ፒያሳ እያመላለስኩ ነው የተማርኩት። ኩላሊቱን የሰጠችው እናታችን ናት።

ገና አልጋው ላይ ሳይወጣ ለባለሙያው «የተተከለ ኩላሊት ነው» በሉትና ጠባሳውን አሳዩት። አዲሱ ኩላሊት ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ጀርባ ላይ ሳይሆን ከብሽሽት ከፍ ብሎ ነው፤ አሮጌዎቹም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታቸው ይቀራሉ። አንድ ክሊኒክ ወንድሜን በደረቱ አስተኝተው ጀርባውን ሲያዩ ቆዩና «ሁለቱም ኩላሊት ተኮማትሯል» የሚል ወረቀት ሰጡን። ክው ብለን ቀረን። ለካ ያዩት አሮጌዎቹን ነው።

ሐኪሙ ትእዛዙ ላይ «ዶፕለር» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ተራው መጠኑንና ሽንት ማቆሩን ያሳያል፣ ዶፕለር ደግሞ ደም እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ። ጨረር የለው፣ መርፌ የለው። ቀዝቃዛውን ጄል ቀብተው መሣሪያውን ሲያሳርፉት ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይታያል፣ የልብ ምት እየተከተለም «ሹ… ሹ…» ይላል። ወረቀቱ ላይ ሪዚስቲቭ ኢንዴክስ የሚባል፣ ደም በኩላሊቱ የደም ሥሮች ሲያልፍ ምን ያህል መቋቋም እንደሚገጥመው የሚያሳይ ቁጥር አለ። ከ0.8 ካለፈ ሐኪሙን ያሳስበዋል፤ ግን ሽንት ሲዘጋም፣ የደም ሥር ሲጠነክርም ከፍ ስለሚል ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ «ሰውነቱ ኩላሊቱን ገፋው» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ይልቅ ኩላሊቱ ደህና በነበረ ጊዜ የተነሳውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዛሬው ጋር ያስተያዩት።

ፊኛ ጢም ብሎ ከሞላ ኩላሊቱ ሽንት ያቆረ ሊመስል ይችላል። እንዲያ ከተባላችሁ ሽንቱን ሸንቶ እንደገና ይታይ።

አደራ የምላችሁ ግን ይሄን ነው፤ «አልትራሳውንዱ ደህና ነው» ስለተባለ የደም ምርመራ አይቅር። መገፋቱ ሲጀምር ምስሉ ምንም ላያሳይ ይችላል። ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው፣ በደም የሚለካ ቆሻሻ) ከጨመረ ሐኪሙ ባዮፕሲ (ከኩላሊቱ በመርፌ ትንሽ ናሙና መውሰድ) ሊል ይችላል፣ ቁርጡን የሚነግረው እሱ ነው። ናሙና ሳይወሰድ ኤምአርአይና ፔት ስካን በሚባሉ የምስል ምርመራዎች መገፋቱን ለመለየት ምርምር አለ፤ ባዮፕሲን ግን ገና አልተካም። ታክሮሊመስ (ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚዋጠው መድኃኒት) በደም የሚለካ ቀን ደግሞ የጠዋቱ ኪኒን የሚዋጠው ደም ከተሰጠ በኋላ ስለሆነ ኪኒኑን በኪስ ይዞ ይሂድ።

ሽንት ከቀነሰ፣ እግር ካበጠ፣ ካተኮሰው ወይም ኩላሊቱ ያለበት ቦታ ካመመው ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፣ አዲስ አበባ ለተከሉለት ሐኪሞችም ደውሉ።