የሄልሜት ኪት ችግርና መፍትሄ፦ ከዓይኑ ጥግ የሚነሳው ስንጥቅ

ለትያትር፣ ለትምህርት ቤት ዝግጅትና ለፎቶ የሚሆን የፕላስቲክ ሄልሜት ባሕር ዳር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በሰው ሻንጣ ነው። ሲመጣ ግን ያለቀ አይደለም፤ ራሳችሁ ቆርጣችሁና ገጣጥማችሁ የምትጨርሱት ነው፣ ኪት የሚባለውም ለዚህ ነው። በሙቀት ለስልሶ ቅርጽ ማውጫ ላይ በአየር የተሳበ ስስ ፕላስቲክ ነው። ዙሪያው ትርፍ አለው፣ ዓይኑ አልተከፈተም፣ ጆሮዎቹ ለብቻ ናቸው። መለካት፣ ማስመርና የካተር ስለት መቀየር ታውቃላችሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ እገባለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይቅደም። ይህ ልብስ ነው፣ መከላከያ አይደለም። ይህን አጥልቆ ሞተር የሚነዳ ሰው ባዶ ራሱን እንደሚነዳ ይቁጠረው።

መጀመሪያ ፕላስቲኩን እወቁት

ሙጫውም ቀለሙም የሚወሰነው በዚህ ነው። ከትርፉ ቁራጭ ውሰዱና ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ወደ ታች ገፍታችሁት ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤቲሊን ነው፤ የባልዲና የጀሪካን ዘመድ ማለት ነው። በተራ ሙጫ አይያዝም፣ ቀለምም ይተፋል። ከሰመጠ ደረቅ ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን (ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ) አድርጉ። ወዲያው ለስልሶ ጣት ላይ ከተጣበቀ ኤቢኤስ ወይም ፖሊስቲሪን ነው፤ ጥሩው ዕቃ ይህ ነው። ሰምጦ በአሴቶን እምብዛም የማይለሰልሰው ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው። ለእሱ የውሃ ቱቦ የሚጣበቅበት የፒቪሲ ሙጫ አለ፤ የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጥበት ታገኙታላችሁ።

ስንጥቁ

በጣም የሚበዛው ይህ ነው። ምልክቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከዓይኑ መክፈቻ የውጭ ጥግ ተነስቶ ወደ ጆሮ ወይም ወደ ግንባር የሚሄድ ቀጭን መስመር ይታያል። ባለቤቱ ጭረት ይመስለዋል። ሄልሜቱን ጥቂት ጊዜ ሲያጠልቅና ሲያወልቅ መስመሩ ይረዝማል። ከዚያ ይዞት ይመጣና «ጋሼ፣ በራሱ ነው የተሰነጠቀው» ይለኛል።

በራሱ አይሰነጠቅም። ጥጉ በካተር ስል ሆኖ ስለተቆረጠ ነው። ሁለት መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ስለቱ ትንሽ አልፎ ይሄዳል። ያቺ ለዓይን የማትታይ ጭረት የስንጥቁ መነሻ ናት። ሄልሜቱን ለማጥለቅ አንገቱን በሁለት እጅ ወደ ጎን ስትከፍቱት ፕላስቲኩ በሙሉ ይወጠራል። ውጥረቱ የሚከማቸው እዚያ ስል ጥግ ላይ ነው። ጥጉ ክብ ቢሆን ኖሮ ውጥረቱ ይበተን ነበር።

አንድ ጊዜ የአንድ ክበብ ሄልሜቶች በሙሉ አንድ ላይ መጡልኝ። ሁሉም የተሰነጠቁት በአንድ በኩል፣ በአንድ ጥግ ነበር። ልጆቹ ኪቱን ረገሙት። ኪቱ ግን ምንም አላደረገም። ሁሉንም የቆረጠው አንድ ሰው ነው። ስለቱን ወደ ራሱ ሲስብ መጨረሻ ላይ የሚያልፍበት ያ ጥግ ነበር። በሌላኛው ጥግ ጭረት አልነበረም፣ ስንጥቅም አልነበረም።

ሌላው የመጣው ዝግጅቱ ሊጀመር ሲል ነው። ስንጥቁን አይቶ ከውጭ በኩል ሱፐር ግሉ አፍስሶበታል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ነው፤ ፕላስቲኩ ይታጠፋል፣ እሱ አይታጠፍም። ስለዚህ ከሙጫው አጠገብ ሁለተኛ ስንጥቅ ወጣ። በሁለተኛው ላይም ጨመረበት። እኔ ጋ ሲደርስ የሚጠገን ጤነኛ ፕላስቲክ አጥቼ ጉንጩን በሙሉ ከውስጥ በሌላ ቁራጭ መደገፍ ነበረብኝ። እባካችሁ፣ ስንጥቅ ላይ ሱፐር ግሉ አታፍስሱ።

ያልተቆረጠ ኪት ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። ካተሩን አስቀምጡና ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) አንሱ። በየጥጉ፣ ከመስመሩ በውስጥ በኩል፣ በሚጣለው ክፍል ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ብሱ። የቀዳዳው ጠርዝ መስመሩን ይንካ እንጂ አይለፈው። ከኋላ እንጨት ደግፉ፣ በዝግታ ብሱ፣ አትጫኑት። ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቁረጡ። ስለቱ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ያቆማል፤ የሚያልፍበት ቦታ የለውም። ቀጥ ያለውን መስመር በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ አትታገሉ። ቀለል አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ካስኬዳችሁት በኋላ ትርፉን ስታጥፉት ይሰበራል። መስመሩ ላይም በቀጥታ አትቁረጡ፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀሩና ቀሪውን በሞረድ አውርዱት።

ከዚያ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል፦ ጠርዙ። ሞረድና መጋዝ የተዉት ጥርስ ሁሉ የስንጥቅ ዘር ነው። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ ከዚያ 220፣ ከዚያ 400። ስትፈትጉ በጠርዙ ርዝመት ሂዱ እንጂ ወዲያና ወዲህ አቋርጣችሁ አትፈትጉ። ስትጨርሱ ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ አስኪዱ። የሆነ ቦታ ከያዘ አልጨረሳችሁም። በጥቁርና በጨለማ ቀለም ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ፕላስቲኩ ሲታጠፍ ጥጉ ላይ ነጣ ካለ ከአቅሙ በላይ ተወጥሯል ማለት ነው። ስንጥቁ ገና አልመጣም፣ ግን መንገድ ላይ ነው። የአንገቱን መክፈቻ ትንሽ አስፉት፣ ውጥረቱ ይቀንሳል።

ስንጥቁ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጥገናው እንዲህ ነው። ኤቢኤስና ፖሊስቲሪን ላይ ይሠራል።

በስልክ ባትሪ ከውስጥ እያበራችሁ ፕላስቲኩን በቀስታ እጠፉት፤ የስንጥቁ ጫፍ ይታያል። እውነተኛው ጫፍ ከሚታየው ትንሽ ይርቃል። እዚያ ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። ይህች ቀዳዳ ስንጥቁን ታቆመዋለች። ያለ እሷ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የትርፉን ቁርጥራጭ አድቅቃችሁ በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ አሴቶን ጨምሩበትና ዘግታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ እንደ ማር ወፍሮ ታገኙታላችሁ። ሙጫችሁ ይህ ነው፤ ከራሱ ከሄልሜቱ የተሠራ ስለሆነ ፕላስቲኩን መልሶ አንድ ያደርገዋል። ከውጭ ስንጥቁን በወረቀት ፕላስተር ገጥማችሁ ያዙ። ከውስጥ ደግሞ ከስንጥቁ በግራና በቀኝ 1 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ የዚያው ፕላስቲክ ቁራጭ በዚሁ ሙጫ ለጥፉ። 24 ሰዓት ተዉት። እስከዚያ ከፍታችሁ አትዩት፣ አትሞክሩት። ከደረቀ በኋላ ከውጭ መስመሩን በሞረድ ጫፍ ቦይ አድርጉና በስሱ ሙሉት። ሲደርቅ ይሟሽሻልና ድገሙት። በወፍራሙ አንድ ጊዜ የሞላ ሰው ከሳምንት በኋላ ጎድጓዳ መስመር ያያል።

ነገሩ በብልቃጥ የሚሆነው በምክንያት ነው። አሴቶን የሚጣለውን የፕላስቲክ ኩባያ ሊያቀልጠው ይችላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ሁሉ አሴቶን አይደለም፤ ብዙው ዘይትና ሽቶ አለበት። ንጹሑን ጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደውን አሁን ልናገር። የአሴቶን ተን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ እሳት ካገኘ ይያያዛል። ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ከሰል ባለበት ክፍል፣ ዕጣን በሚጨስበት ቦታ ብልቃጡን አትክፈቱ። «ጥግ ላይ ነኝ፣ ምድጃው ሩቅ ነው» አይሠራም። ውጭ ውጡ። በረንዳ ከሌላችሁ ሥራውን አቆዩት።

የሚንሳፈፈው ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ሙጫ አትፈልጉለት። የማቆሚያዋን ቀዳዳ ብሱና በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቀዳዳዎች አድርጋችሁ ስፉት። ጣና ላይ ዓሣ የሚይዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት የናይለን ክር ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። ስፌቱ ይታያል። ለወታደር ሄልሜት ግን የጦርነት ጠባሳ ሆኖ ያምራል።

በማሽን ሲቆረጥ ፕላስቲኩ ከኋላ ተመልሶ ይጣበቃል

ማሽኑ ፈጥኗል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ፍጥነቱን ቀንሱ። ካልቀነሰ ተዉትና በሰጌቶ (በእጅ መጋዝ) ቁረጡ። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። በማሽን ከሆነ መነጽርና ማስክ አድርጉ።

ቀለሙ ይሸበሸባል፣ ይላጣል ወይም ይነጣል

ከተሸበሸበ ወይም ፕላስቲኩ ራሱ በጥቃቅን መስመር ከተሞላ ምክንያቱ የጋራዥ ናይትሮ ቲነር ነው። መኪናው ብረት ነው፣ ይችለዋል። ፖሊስቲሪን አይችልም። «የመኪና ቀለም ጠንካራ ነው» ብሎ ሄልሜት ጋራዥ ወስዶ የሚያስቀባ ሰው አሁንም አለ፤ ያሳዝነኛል። ፈትጉት፣ አክሪሊክ ስፕሬይ ግዙ፣ በስሱ ደጋግማችሁ ንፉ።

በጥፍር የሚላጥ ከሆነ ከመቀባቱ በፊት አልታጠበም፣ አልተፈተገም። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ በ400 ወረቀት አንጸባራቂነቱን ግደሉት።

ከነጣ ደግሞ እርጥበት ነው። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ የሐይቁ ዳር አየር ውሃ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ያን እርጥበት ይዞ ጉም ይለብሳል። ፀሐይ በወጣ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ ቀቡ። አመሻሽ ላይ ከብርሃን ሥር አትቀቡ፤ የጣና ዳር ትንኝ በሙሉ ቀለሙ ላይ ያድራል።

ከቀለም በፊት ጎድጓዳውን የምትሞሉበት ስቱኮ የሚሰነጠቅባችሁ የግድግዳውን ስለምትጠቀሙ ነው። የመኪናውን ውሰዱ፣ በስሱ ብቻ።

የዓይኑ መስታወት ደመነ

በሱፐር ግሉ አጣብቃችሁታል። ተኑ ነው ያነጣው። ባለቀለም ከሆነ ቀይሩት። ጥርት ያለ አክሪሊክ ከሆነ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አሻሹት፣ ትንሽ ይመለሳል። ሁለተኛ በትናንሽ ብሎን ያዙት። ብሎኑ ላይ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ክብ ቀለበት) አድርጉ፣ አታጥብቁ፣ ቀዳዳውም ከብሎኑ ትንሽ ይስፋ፤ የጠበቀ ብሎን ያንኑ ስንጥቅ ከሌላ ቦታ ያመጣዋል።

በትንፋሽ የሚደምን ከሆነ ከአገጩ ሥርና ከኋላ የአየር ቀዳዳ ክፈቱ። ሕፃን የሚያጠልቀው ከሆነ የአየር ቀዳዳው ግዴታ ነው።

አንገቱ ይቧጥጣል

አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ውሰዱ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ አይጠፋም። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቆርጣችሁ ጠርዙ ላይ አጥፉና በማስቲሽ ለጥፉት። ጠርዙ በ400 ካልተፈተገ ግን ጎማው ከውስጥ እየተበላ ይሄዳልና መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።