የኖርዌይ ቤተሰብ የዘር ሐረግ እንዴት ይፈለጋል?

«ሃንሰን» የሚል ስም ብቻ ይዛችሁ የኖርዌይ መዝገብ ውስጥ ብትገቡ ስፍር ቁጥር የሌለው ሃንሰን ነው የሚጠብቃችሁ። አብዛኞቹ አይዛመዱም። ምክንያቱ ለእኛ ግልጽ ነው። የኖርዌይ ገበሬ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ድረስ እንደኛው በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። የሃንስ ልጅ ኦሌ፣ ኦሌ ሃንሰን ይባላል፤ እህቱ አና ደግሞ አና ሃንስዳተር። ብታገባም በአባቷ ስም ትቀጥላለች። የኦሌ ወንዶች ልጆች ግን ኦልሰን ናቸው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሦስተኛው ስም ነው። ኦሌ «ባከ» በሚባል እርሻ ሲኖር ኦሌ ሃንሰን ባከ ይሆናል፤ ወደ «ሊ» እርሻ ቢዛወር ኦሌ ሃንሰን ሊ። ሰውየው ያው አንድ ነው። ጭሰኛውም የባለእርሻውን ስም ይዞ ሊገኝ ስለሚችል ሁለት «ባከዎች» ስላገኛችሁ ብቻ ዘመድ አታድርጓቸው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቋሚ ስም እንዲይዝ ያስገደደው ሕግ የወጣው በ1923 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን ያዙ፤ እርሻውንና ደብሩን። ቤተሰቡ አሜሪካ ከሄደ እዚያ ያለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይና የድሮ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የትውልድ ደብሩን ይናገራሉ።

ቀጥሎ ዲጊታልአርኪቬ ግቡ። የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ነው፤ ነፃ ነው። ከሕዝብ ቆጠራዎቹ በ1910 ጀምሩና ወደ 1900፣ 1875 እና 1865 ውረዱ። የ1910ሩ ሙሉ የልደት ቀን ስለሚሰጥ ግምት ያስቀራል። የ1801ዱም ስም በስም የተመዘገበ ነው፤ በመሃል ያሉት ቆጠራዎች ግን በአብዛኛው ቁጥር ብቻ ናቸው። ስሙ እምቢ ካለ አጻጻፉን ቀያይሩ፤ ኦሌ ኦላ፣ ሃንሰን በሁለት «ኤስ»፣ ክርስቲያን በ«ኬ» ወይም በ«ሲኤች» ሊጻፍ ይችላል። መጨረሻውን ቆርጦ የኮከብ ምልክት ማድረግም ይሠራል።

ቀኑንና ደብሩን ካገኛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ እለፉ። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ይሄ ነው። የጥምቀት ገጹ ወላጆችን፣ እርሻውንና የክርስትና ምስክሮችን ይዘረዝራል። ምስክሮቹን ዝም ብላችሁ አትለፏቸው፤ ብዙ ጊዜ አክስት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ናቸው፤ ሁለት ኦሌ ሃንሰኖችን የሚለዩላችሁም እነሱ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ልጁ ኮንፈርሜሽን በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እምነቱን ሲያጸና ደግሞ ቄሱ የፈንጣጣ ክትባት መውሰዱን ሳይቀር ይጽፋል። ጽሑፉ ጎቲክ የሚባለው የድሮ እጅ ጽሕፈት ስለሆነ ዓይን እስኪለምድ ያስቸግራል። የፊደል ሠንጠረዥ አጠገባችሁ አድርጉ።

ለስደተኞች ከ1860ዎቹ መጨረሻ በኋላ የፖሊስ መዝገብ አለ። ከዚያ በፊት ለሄደ ሰው የደብሩን የለቃቂዎች ዝርዝር እዩ።

በመጨረሻ ቢግደቦክ የሚባለውን የአካባቢ ታሪክ መጽሐፍ ፈልጉ። የየእርሻውን ነዋሪዎች በትውልድ ተራ ያስቀምጣል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን አዘጋጆቹም ይሳሳታሉና ከጥምቀት መዝገቡ ጋር ሳታመሳክሩ አንድም ስም ሐረጋችሁ ላይ አትጻፉ።